አዲሱ አሞርዛተር

ለምወድሽ እህቴ ሜቲ፣

ሰላምታዬ ከአዳማ ተነሥቶ ቤሩት ድረስ ይድረስሽ። እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን።

እማዬን ሐኪም ቤት ሳመላልሳት ይሄ የተረገመ ኮብልስቶን ስላንገጫገጫት፣ የሞተሬን የኋላ አሞርዛተር በተሻለ አስቀየርኩት። መካኒኩ ጫምሳ ሞላውን በክብደታችን ልክ ሊያስተካክለው፣ "ሁለታችሁም ተቀመጡበት" አለን። ተቀመጥን። እሱ ተንበርክኮ ሞላውን እያየ፣ "እማማም ይቀመጡ እንጂ!" አለ።

"ተቀምጫለሁ እኮ ልጄ" አለች እማዬ ከኋላዬ፣ እየሳቀች።

ጫምሳ ቀና ብሎ አላየንም። ለሁለት ሰው ያጠበቀውን ሞላ ለአንድ ሰው አላላው።

አሁን አያንገጫግጭም። ሐኪሙም ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልጋችሁም ብሎናል።

እማዬ ናፍቃሻለች። ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ለመስቀል አድርጊው። መናኸሪያ መጥቼ እወስድሻለሁ።

ወንድምሽ ኦሊቃ