የኋላው ወንበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ስለ ትርንጎ የጻፍሁትን አሥር ገጽ ለራሷ ለትርንጎ አስነበብኋት። የመመረቂያ ጥናቴ በትምህርት ቤታችን ተማሪ ተማሪን እንዴት እንደሚያሸማቅቅ የአንዲት ልጅን ታሪክ ይዞ የሚመረምር ነው፤ ባለታሪኳ ሳታየው ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው አይገባም። ዓሣ ከሚሰገርባት ደሴት ከደቅ መጥታ ዓባይ ማዶ አክስቷ ቤት የምትኖር የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ክፍል ስትገባ «ዓሣ ሸተተ!» እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙባታል።

ከፊት ወንበር ተነሥታ ኋላ ሄዳ መቀመጧን አይቼ «ፈርታ ራሷን አገለለች» ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህንኑ ነው።

ትርንጎ እዚያ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ፈርቼ አይደለም የሄድሁ።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ከሐሙሲት የመጣችውን አዲሷን ልጅ መስደብ ጀመሩ። ኋላ ብቻዋን ነበረች። እኔስ ለምጄዋለሁ፤ እሷ ግን ታለቅስ ነበር።»

ሁለት ወር ሙሉ ደብተሬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሳያት፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። አፈርሁ። ግን በእሷ መኩራቴ ከሐፍረቴ በለጠ፤ ይህችን ልጅ እኮ የማስተምራት እኔ ነኝ! እሷ ምንም እንዳላደረገች ሁሉ እስክሪብቶዬን ተቀብላ መስመሩን ሰረዘችው።

ነገ አማካሪዬ ምን እንደሚሉ እንጃ። የተመሰገንሁበት ገጽ ተሰርዞብኝ እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።