ለጥቁር እንጨት የተላኩ ሽማግሌዎች

ለውድ እህቴ ለመቅደስ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የቦንጋ ዝናብ ዛሬም ልብስ አላደርቅ ይልሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? ጫካ ስትገቢ እግሬ ላይ ይጣበቃል ያልሽው አልቅትስ? እናታችን አልቅቱን ከሰማች ወዲህ ጨው ቋጥሬ ካልላክሁላት እያለች አላስቀምጥ አለችኝ፤ እዚያም ጨው አለ ብላት የሚሰማኝ የለም። እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ገብሱ ደህና ገባ፣ ቀይዋ ላም ወለደች፣ እኔም ወሬ እስካላጠረኝ ድረስ ምንም አላጠረኝም።

ኅዳር ላይ በስልክ አባባ ተቀየሙኝ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ አድበስብሼ አለፍኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይመውሽ ነበር። ስልኩን ስሰጣቸው ጆሮዬን አመመኝ ይሉ የነበረው ለዚያ ነው። አትፍረጂባቸው። የደብራችን ዱር እንዳይራቆት ብለው ቅስና ከተቀበሉ ጀምሮ ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጠል መበጠስ በተገዘተበት ግቢ፣ ለደን ምርምርሽ ብለው ከየዛፉና ከየችግኙ በገዛ እጃቸው ቀጥፈው ሲሰጡሽ፣ አንድ ቀን ምስጋና ይመጣል ብለው ነበር። የመጣው ግን ችግኞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ዘረ መላቸው ስለተቀራረበ አንድ በሽታ ቢገባ አብረው ያልቃሉ፣ እርስ በርስ ሲዳቀሉም ዘራቸው እየደከመ ይሄዳል የሚለው ቃልሽ ነው። አንቺ ደግሞ ነገር ማለዘብ አታውቂበትም።

እውነትሽን ግን ነበር። ዘሩ ሲለቀም የኖረው የቅዳሴው ኅብስት ከሚዘጋጅበት ከቤተልሔሙ ጀርባ ካለው ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው። አባባም እኛም የሱ ፍሬ በረከት አለው ብለን የሌላውን ለወፍ ተውነው። ለበረከት ብለን ያደረግነው ስለሆነ ማንም ጥፋት ነው ብሎ አላሰበውም።

ዘረ መል እያልኩ ባስረዳቸው አልሰማ አሉኝ። ከገና በኋላ ግን የጎረቤታችን የፈንታ ልጅ ሊያጭ ሆነና ዘመድ እንዲቆጥሩ አባባ ተጠሩ። ወደ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ልጁና ልጅቱ አምስተኛው ላይ ተገናኙ፤ አባባም ይህ አይሆንም ብለው ጋብቻውን አስቀሩት። ስንመለስ መንገድ ላይ አላስችል አለኝና፣ አባባ፣ ሰውን በአምስት ቤት ከለከሉ፣ ዛፎቹን ግን እህትና ወንድም ሊያጋቡ ነው አልኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። መቋሚያው የሚያርፍብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ ታዲያ ባዳ የሆነ ዘር ከየት ይገኛል ብለው ጠየቁኝ። መቅደስ፣ ያን ጊዜ ደስታዬን የት ላድርገው!

ካንቺ ዘንድ ይምጣ ወይ አሉኝ። ያስረዳሽኝን ነገርኳቸው። ጥንት ምድሩ ሲበርድና ሲደርቅ ደኑ ወደ እርጥቡ አገር እየሸሸ፣ ዝናቡ ሲመለስ እየተስፋፋ መኖሩን፣ የኛ ጥቁር እንጨትና የቦንጋው ከአንድ ዘር መጥተው ረጅም ዘመን እንደለያያቸው ነገርኳቸው። የቦንጋው እርጥበት ስለለመደ የጋይንትን ውርጭ አይችለውም፣ የሚሻለው ከቅርብ ደብር ነው ማለትሽንም ጨመርኩ። አባባ አሰብ አድርገው፣ እንግዲያስ መቅደስ ያለችው ሰው አገር አይደለም፣ የዛፎቻችን ዘመዶች ዘንድ ነው አሉ። እናታችን ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

በቅጠላቸው መርምረሽ ከኛዎቹ ጋር ባዳ ናቸው ያልሽው የስማዳውን የሚካኤልን ደብር ዛፎች ነው። ችግሩ፣ እነሱም ለምርምርሽ ቅጠል ቢፈቅዱም ፍሬ ከግቢ እንዳይወጣ ግዝት አለባቸው። አባባ ግን እንግዲህ ልጅ እንደሚጠየቀው እንጠይቃለን አሉ። በጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ አባባ፣ ፈንታና እኔ ነጭ ጋቢ ለብሰን ገደሉን ወርደን ወጣን። ተቀመጡ ሲሉን፣ በሽማግሌ ደንብ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። የደብሩ አለቃ የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው ቢሉ፣ አባባ ወደ ዛፎቹ አመለከቱ። እኔ ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩት። አለቃው ግን ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሯል ወይ አሉ። አባባም፣ ልጄ በቅጠል ቆጥራለች ብለው መለሱ። ልጄ ሲሉ ድምፃቸውን ብትሰሚው ጥሩ ነበር።

አለቃው ያኔ ሳቁ። ካህናቱ ተሰብስበው ጸሎት አድርሰው ግዝቱን ለዘር ብቻ ፈቱልን፤ እኛም ከየዛፋችን ፍሬ ልንወስድላቸው ተስማማን። ጥሎሽ መሆኑ ነው።

ዘሩ መጋቢት ላይ በቀለ። የየእናቱ ዛፍ ዘር በየመደቡ ለብቻው ነው፤ ጠንከር ሲል ከአሮጌዎቹ ጋር እያሰባጠርን እንተክለዋለን። አባባ የድሮዎቹን አልነቅልም፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የነሱ አይደለም ብለዋል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲያጠጡ ያዜማሉ። ከጥር ወዲህ ጆሯቸውም ድኗል።

እናታችን አገላብጣ ትስምሻለች። ባለቤቴ ገነት አልቅት የማይፈራ ባል ይስጥሽ ብላለች። ልጄ ቃልኪዳን አክስቴ የጫካውን የወፍ ድምፅ ቀድታ ትላክልኝ ትላለች። ፈንታም ልጁ ሌላ ስላገኘ ለሰርጉ እንድትመጪ ጠርቶሻል። አባባ ግን ሰላም በልልኝ ብቻ አይበቃም ብለው ይህን አስጻፉኝ። ጥናትሽ ላይ የደብሩንም የሳቸውንም ስም ጻፊ፤ ቄስ ገብረ ሚካኤል ከአንድ ዛፍ ብቻ እየለቀመ አጠፋ በይ፣ አትሸፋፍኚ። አባባ፣ ይህ እኮ ታትሞ አገር ያነበዋል አልኳቸው። ፍጠኚ በላት፣ ሌላው ካህን እንደኔ ሳይተክል ይድረስለት አሉኝ።

ወንድምሽ ተሻገር ገብረ ሚካኤል
ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ
ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.