ባለ ሁለት ቋጠሮው ልቃቂት

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለእማዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ይኸው ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ብደውል የስልክሽ ድምፅ ለሌላም ሰው ይሰማል፣ አባዬ ደግሞ ከአጠገብሽ አይጠፋም። ይህን ለብቻሽ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? ውርጩ ሳይነካው ባቄላውን አስገባችሁ? እኔ ደህና ነኝ። የአክስቴ ልጅ ሊያም ደህና ናት፤ ስማችሁን ሳታነሳ አትውልም።

ሊያ የአባዬን የሱፍ ባናዎች የምትሸጥበት ድረ ገጽ እያሠራች መሆኗን ነግሬሽ ነበር። ፎቶዎቹን የመምረጡን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። «ገዢው በእጁ ሊዳስሰው አይችልም፤ በዓይኑ እንዲዳስሰው አድርገሽ ምረጪ» አለችኝ። ለእያንዳንዱ ባና አራት ፎቶ፦ ተዘርግቶ፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ሱፉ ከቅርብ፣ ከዚያ ጠርዙ። አንድ ደግሞ አባዬ ሲሠራ። ለገና መጥቼ ያነሳኋቸውን ኮምፒውተር ላይ አስፍቼ አየኋቸው።

አባዬ በጥቅምት የሠራው ባና ላይ ጥቁሩ መስመር መሀል ደርሶ ቡናማ ሆኖ ይቀጥላል። ሊያ ከኋላዬ አይታ «ጋሼ ደግሞ በስተርጅና አዲስ ፋሽን አመጡ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ለአንድ ክር ስህተት አንድ ክንድ ሙሉ ሲፈታ ያየሁት አባዬ ነው እኮ! የኅዳሩም እንደዚያው ነው። የታኅሣሡ ግን አንድም መስመር አልሳተም።

ምን እንደተለወጠ ለማወቅ አባዬ ሲሠራ ያነሳሁትን ከፈትሁ። «ወደ እኔ እይ» ብዬው የዞረው ወደ በሩ ብርሃን ነበር። ያን ቀን ያፈረ መስሎኝ፣ እኔም ዓይን አፋርነቴን ከእሱ ነው የወረስሁት ብዬ አለፍሁት። እግሩ ሥር ሁለት ልቃቂት አለ። የጥቁሩ ክር ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የቡናማው ላይ ሁለት። የአንቺ ቋጠሮ ነው፤ የመቀነትሽን ጫፍ የምትቋጥሪበት ዓይነት። የአባዬ ጣት እዚያው ቋጠሮው ላይ ነው።

ሊያ «እነዚህን ቋጠሮዎች ከፎቶው ቁረጫቸው፣ ቆሻሻ ይመስላሉ» አለችኝ። አልቆርጥም አልኋት። እኔ ለሰው እምቢ ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «ምን ነካሽ አንቺ?» አለችኝ። ፎቶውን እንዳለ አስቀመጥሁት፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኋትም። የእናንተን ምሥጢር ሳትፈቅዱልኝ እንዴት አወጣለሁ?

እማዬ፣ አልተቀየምሁሽም። የደበቃችሁኝ እንዳልሰጋ ብላችሁ ነው። ግን ያን ሁሉ ክር ስትቋጥሪ ብቻሽን መሆንሽ አንጀቴን በላው። የሊያ ጎረቤት እማማ በሰለች ዓይናቸውን እዚህ ታክመው አሁን መርፌያቸው ላይ ክር የሚያስገባላቸው ሰው አይፈልጉም። አባዬ አልሄድም ካለሽ «ሊያ ስለ ባናዎቹ ትፈልግሃለች» በይው። ውሸትም አይደለም።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ። የአባዬን እጅ አታሳጣን፣ ሌላውንም እሷ ታውቃለች።

የጥቅምትና የኅዳር ባናዎች ለራሳችን አልጋ ይሁኑ። ነገ ጠዋት የታኅሣሡን ባና፣ ከነቋጠሮው ካነሳሁት የአባዬ ፎቶ ጋር፣ ድረ ገጹ ላይ ከሁሉም በፊት አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሆስፒታል ሄጄ ተራ እይዛለሁ፤ ካርዱ ላይ የአባዬን ስም አስጽፋለሁ።

ልጅሽ