ሳል የመሰለኝ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ትራሙ ዘገየ። ዝናብ። ምሳ ዙሬክ ሾርባ... እንቁላሉ ግማሽ ብቻ። የትናንት መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ የሐሙስ ማኅበራችን በፓን (አቶ) ዜኖን የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። የመጋበዝ ተራው የእኔ ነበር። ደንባችን ያው ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ሸክላው አይመጣም፤ ሙዚቃውን በአፍ በመግለጽ ብቻ ነው የሚጋበዘው። ሰው ከጎመጀ በሚቀጥለው ሐሙስ ይሰማል። ካልጎመጀ ይዘኸው ቤትህ ተቀመጥ።

የፊልም ሙዚቃ ጋበዝኩ። "የጨው መጋዘን"። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ፣ ሙዚቃው ለሙከራ በጥቂት ሸክላ ታተመ። ባውቲ ገበያ፣ ከተሸራረፉ ሳህኖች ሥር ነው ያገኘሁት። ነጭ ሽፋን። በእስክሪብቶ የፊልሙና የዜማ ደራሲዋ ስም... ሌኦካዲያ ዶሌጋ። ሌላ አንድም ጽሑፍ የለበትም።

የጋበዝኳቸው በተለይ የሁለተኛውን ገጽ መጨረሻ ነው። አንድ ሽማግሌ ያለ ቃል ያንጎራጉራል። "ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ በየእርከኑ እያረፈ" አልኳቸው። "መጨረሻ ላይ ያስላል። ሳሉን አልቆረጡትም። ለዚህ ሳል ብቻ ብዬ ሸክላውን ሁሉ እወደዋለሁ።"

ፓን ክሳቬሪ እንኳ ከስልኩ ቀና አለ። የሬዲዮ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ስለ ሙዚቃ ሲያወራ መላ የዉች ከተማ ያደምጠዋል። እኛ ስንናገር ግን ስልኩን ነው የሚጎረጉረው።

"የደራሲዋን ስም ማን አልሽኝ፣ ልጄ?"

ነገርኩት። ኮቱን ሲለብስ እንደገና ጠየቀኝ።

ለምን ሁለቴ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ሬዲዮ ከፍቼ ድንች ስልጥ... "ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው" አለ ክሳቬሪ። "በየእርከኑ እያረፈ።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

እሱ ቀጠለ። ሸክላውን ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል፣ እንደ እሱ አባባል። ሽማግሌው የፊልም ስቱዲዮው ጥበቃ ነበር፤ እጁን ጨብጦታል፣ መዳፉ እንደ ቅርፊት ሻካራ። "ሳንባው ደካማ ነበር፣ ምስኪን። ሳሉን ትሰሙታላችሁ። በዚያው ክረምት ሞተ።"

የእኔን ስም አልጠራም። ማኅበሩንም አልጠራም።

የፕሮግራሙ የድምፅ ባለሙያ ቦግና ናት። ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጣ ታስተላልፋለች። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ። ሐሙስ ዕለት ከጎኔ ነበረች፤ ቃል በቃል ሰምታኛለች። አልደወለችም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ሸክላውን ወደ ማኅበሩ አልወሰድኩም። ይዤው ወጥቼ ከደረጃው ተመልሼ አስቀመጥኩትና ሄድኩ።

ደግሞ አዲስ ነገር። የዋርሶ አንድ ትንሽ አሳታሚ ፕሮግራሙን ሰምቶ "የጨው መጋዘን"ን እንደገና ሊያትም ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ክሳቬሪ እንዲጽፍለት ጠይቆታል። ከስር ስሙ ይወጣል... ሰባት ዓመት ሙዚቃ የተማርኩት እኔ፣ ገበያ የተንበረከክሁት እኔ፣ ስሙ የእሱ።

"ፓን ክሳቬሪ፣ የተናገሩት የእኔን ቃል ነው" አልኩት፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት።

"ካሊና፣ ሙዚቃ የግል ርስት አይደለም።"

"ሙዚቃውን አላልኩም። ጆንያው የእኔ ነው።"

አንዱ ሳቀ። ፓን ዜኖን የአይብ ኬኩን ወደ መሀል ገፋ። "ሁለት ሰው አንድ ሸክላ ቢወድ ምን ይደንቃል? እዚህ ቤት ጸብ ክልክል ነው። ብሉ።"

ክሳቬሪ ሲወጣ ጠጋ አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ። "ሸክላሽን ለጥቂት ቀን ታውሺኛለሽ? የእኔው ቅጂ ቤት ስቀይር ተሰበረ።"

ተሰበረ! ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ አሁን ሲፈለግ ተሰበረ።

ቦግና ጫማዋን ታይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

እውነት ቢሆንስ? እውነት ሽማግሌውን ቢያውቀውስ? ቃሌን ቢሰርቅም ሸክላውን ሰምቶት ሊሆን ይችላል። እኔ ምን ማስረጃ አለኝ? በአፍ ነው የጋበዝኩት። የአፍ ነገር ነፋስ ነው።

ቦግና ሦስቴ ደወለች። አላነሳሁም። እሷ ብትሆንስ የነገረችው? እሱ ስልኩን ሲጎረጉር ያመለጠውን ማን ሞላለት?

በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ። ለአንድ ሸክላ... ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ቦግና ሳትደውል መጣች። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈትኩላት።

"አታስገቢኝም?"

"ማን ላከሽ?"

"ብርዱ። ካሊና፣ ክፈቺ እንጂ።"

ከፈትኩ። ኮቷን ሳታወልቅ ተናገረች። "ቀጥታ ስርጭት ነበር። ጆንያሽን ስሰማ እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ባጠፋው ሥራዬን አጣለሁ። አላጠፋሁትም። ይኸው፣ ስደቢኝ።"

ተሳደብኩ። በደንብ አድርጌ። ጨረስሽ ወይ አለችኝ። ጨረስኩ።

"በይ አሁን አሰሚኝ። መላ ከተማው የሚያወራለትን አንድም ሰው አልሰማውም እኮ።"

ለካ እውነቷን ነው። ከእኔ በቀር ማንም አልሰማውም። አሰማኋት። ፒያኖው ገባ፣ ሽማግሌው ጀመረ። ቦግና ፊቷን አጨማደደች።

"ፒያኖው ታሟል።"

"ምን?"

"ፒያኖ ሲመታ እንዲህ አይንቀረፈፍም። ደግሞ ሽማግሌሽ መቼ ነው የሚተነፍሰው? ይሄን ያህል ትንፋሽ ያለው ሰው የለም። በስንት ነው የምታዞሪው?"

"በሠላሳ ሦስት ነዋ። ትልቅ ሸክላ አይደል?"

ትልቅ ሸክላ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ አርባ አምስት ጊዜ ይዞራል። ሕፃን ያውቀዋል። ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቦግና የፍጥነት መቀየሪያውን ወደ አርባ አምስት ገፋችው።

ሽማግሌው ጠፋ። ሴት ሆነ። ወጣት ሴት፣ በፍጥነት፣ እንደ መዝለል እያደረጋት የምታንጎራጉር። ጆንያ የለም። ደረጃም ከሆነ የምትወርደው ነው፣ እየሮጠች። መጨረሻ ላይ... ሳል አይደለም። ሳቅ ነው። ዜማው አምልጧት ሳቀች፣ ሳቋን ሳይቆርጡት ተዉት።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወራት ሙሉ የሌለ ሰው ስወድ ነበር።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ቀና ስል ቦግናም ታየኛለች።

"ካሊና... የማንን እጅ ነው የጨበጠው?"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ሸክላውን ይዤ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። የፓን ዜኖን ማጫወቻ መቀየሪያ ሠላሳ ሦስት ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ። ክሳቬሪ ይህን ስለማያውቅ ሰላም አለኝ። የታረቅን መሰለው።

ጀመረ። ክሳቬሪ ዓይኑን ጨፈነ። ሳሉ ሲመጣ እጁን አነሳ። "ስሙት። ምስኪን።"

"ያ ጥበቃ ነው?" አልኩት።

"እሱ ነዋ።"

"እርግጠኛ ነዎት? እጁን ጨብጠዋል?"

"በዚህ እጄ፣ ልጄ።"

መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩ፣ መቀየሪያውን ገፋሁት። ልጅቷ አንጎራጎረች። ሳቀች።

ከዚያ ፓን ዜኖን፣ ኬኩ አፉ ውስጥ እንዳለ፦ "ክሳቬሪ፣ የጥበቃህ ሳንባ ዳነ እኮ።"

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ። ክሳቬሪ ቀላ። "ቅጂው ብልሹ ነው። ደግሞ እሷ ራሷ ሽማግሌ ብላ አይደል የጋበዘችን? እሷም ተሳስታለች።"

"አዎ፣ ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ሽማግሌውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ታዲያ እንዴት አድርገው ጨበጡት?"

ኮቱን አነሳ። በሩን ሳይዘጋው ወጣ።

ፓን ዜኖን ትልቁን የኬክ ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ። "ጸብ ክልክል ነው ብዬሽ ነበር" አለ። "ይሄ ግን ጸብ አልነበረም።" ባለፈው ሐሙስ ለምን ከጎኔ አልቆሙም? አላልኩትም። በላሁት። አልረሳሁትም ግን።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

አሳታሚው ከዋርሶ ደወለ። ክሳቬሪ "በሥራ ብዛት" ትቶታል። ጽሑፉን እጽፍለት እንደሆነ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ስሜ እንደሚወጣ ፈርሞ እስኪልክ ሸክላው ከቤቴ አይወጣም አልኩት። ሰውዬው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬ ፈርሞ ላከ። ፊርማውን ሁለቴ አየሁት።

ጽሑፉ እንዲህ ይጀምራል፦ "ይህን ሸክላ መጀመሪያ የሰማሁት በስህተት ነው።" ክሳቬሪን አላነሳሁትም። ለሌኦካዲያ ሸክላ ጀርባ አይመጥንም።

ሳልልከው ለቦግና ሰጠኋት። ያላለቀ ጽሑፍ ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድማ አነበበችው። እጇን እያየሁ ነበር፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ እንዳታነሳው... አላነሳችም። እርሳስ ነው የጠየቀችኝ።

"ፍጥነቱን የሽፋኑ ፊት ላይ አድርጊው" አለች። "ከስምሽ የበለጠ በትልቁ።"

ተስማማሁ። በትልቁ፦ በአርባ አምስት ይዙር። ከስር በትንሹ፣ ካሊና ቮይናር።

የማያነብ አይጠፋም። ትልቅ ነው ብሎ በሠላሳ ሦስት ያዞረዋል፣ ሽማግሌውን ያገኘዋል፣ ይወደዋል። ይውደደው። ማን ነው ብሎ ከጠየቀ ግን ይወቅ።

እሱ የእኔ ነው።