ጫካውን ያላየው ሚስተር ተስፋዬ

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17

ነገሩ የተበላሸው ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ፣ የማጠናለት ፕሮፌሰር የእኔን ግራፍ በራሱ ስም አቅርቦ ሲያበቃ፣ «መረጃ በመሰብሰብ ያገዘንን ሚስተር ተስፋዬን አመሰግናለሁ» ያለ ጊዜ ነው። ሁለት ሰመር ሙሉ ሰሜን ካናዳ ጫካ ውስጥ አፈር የቆፈርኩት እኔ ሳባ ነኝ። ተስፋዬ አባቴ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን የአባቴን ስም ብቻ አንብቦ ወንድ አደረገኝ።

አባባ ከኤርፖርት ሺፍቱ በቀጥታ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አለ።

«ተስፋዬ እኔ ነኝ። እኔ ኤርፖርት የምገፋው የመንገደኛ ዊልቸር ነው፤ ያንን ጫካ በዓይኔም አላየሁት። የለፋችው ልጄ ናት፤ እሷን ጠይቋት!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መድረኩ ላይ ወጣሁና ግራፉን ራሴ አስረዳሁ። ድርቅ አፈሩን ካደረቀው፣ እሳቱ ዛፍ አቃጥሎ አይቆምም። ወደ ታች ይወርድና መሬቱ ለብዙ መቶ ዓመታት አምቆ የያዘውን ካርቦን ወደ አየር ይለቀዋል። ጥያቄው ዘነበ፤ አንዱንም አልሳትኩም። ፕሮፌሰሩ ውኃውን ደጋግሞ ይጠጣ ነበር።

መኪና ውስጥ አባባ፣ «ምነው ዝም ባልኩ! ሳይንቲስት ሆኜ እቀር ነበር» አለኝ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለውን ረጅም መንገድ እስክንጨርስ ሳቅን።

ሰኞ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ሥራዬ በሌላ ሰው ስም እንዲቀርብ አልቀበልም፤ በአባቴም ስም ቢሆን።