ከፋሲካ በኋላም ያልፈታሽው ጾም

ውድ እህቴ ማህደር፣

ይህን ደብዳቤ ሳታነቢው ቀደሽ ትጥዪው ይሆናል፤ አልፈርድብሽም።

በሁዳዴ ምግብ ስትቀንሺ ቤቱ ሁሉ ኮራብሽ። እኔም ወረታ ሩዝ ላስፈለፍል በሄድኩ ቁጥር የእህቴን ጾም ሳላወራ አልመለስም ነበር። ፋሲካ አልፎም ጾሙን አልፈታሽም። ቀሚስሽ ሰፋብሽ፤ ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀሽ ግን የለም። ከዚያ ሚስቴ ገላነሽ፣ «የወር አበባዋ ከቀረ ሦስት ወር ሁኖታል» አለችኝ። በእኛ ቤት ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

አባታችን ከሞተ ወዲህ አዛዥሽ እኔ ነኝ ብዬ፣ «የማን ነው?» አልኩሽ።

«ወንድም ዓለሜ፣ በማርያም፣ እኔ ወንድ አላውቅም» አልሽኝ።

በሬ በምነዳበት ጅራፍ ጀርባሽ እስኪተለተል ገረፍኩሽ። አንገትሽን ይዤ፣ «ለልጁ ስትይ ብይ» እያልኩ እንጀራውን በግድ አፍሽ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ጣቴን ስትነክሺኝ በጥፊ አጮልኩሽ። ጅል ነበርኩ፤ ጨካኝም ነበርኩ።

ስም አልጠራ ስትይ ራሴ ፈለግኩልሽ። የመፈልፈያ ቤቱ ሠራተኛ ዘመነ አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞልሽ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ማስረጃዬ ይኸው ነው። የሩዝ ማሳ ዳር አድፍጬ ከኋላው በዱላ አናቱን መታሁት። ጭቃው ላይ ወድቆም ፊቱን ደገምኩት። አንድ ዓይኑ ጠፋ። ማን እንደመታው አላየም። ሰዉ «ሌቦች ናቸው» ሲል እኔም አብሬ ከንፈሬን መጠጥኩ።

አንቺ ራስሽን ስተሽ ባሕር ዳር ሆስፒታል ስትገቢ አንዲት ሐኪም ለብቻዬ ጠራችኝ። «እርጉዝ አይደለችም። ሰውነቷ ምግብ ሲያጣ የሴት ሆርሞን ማምረቱን ቀነሰ፤ የወር አበባዋ የቀረው ለዚህ ነው። ሆርሞኑ ሲወርድ ደግሞ ጭንቀቱና ምግብ መፍራቱ ሊብስባት ይችላል። በሽታ ነው፤ ይታከማል» አለችኝ።

ገላነሽ ልትጠይቅሽ ስትመጣ ትንሽ ትንሽ ትበያለሽ አሉ። የኔ ስም ሲነሳ ግን ሳህኑን ትገፊያለሽ። ስለዚህ አልመጣም።

ዛሬ ጠዋት ዘመነ ቤት ሄጄ የመታሁህ እኔ ነኝ አልኩት። እናቱ ወይዘሮ ካሳነሽ ፊቴ ላይ ተፉ። አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነው። አንቺ ላይ ያደረስኩትንም እዚያው እናገራለሁ። ለምስክርነት ይጠሩሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ወንድሜ ነው ብለሽ እንዳትዋሺልኝ።

የኔነህ
ወረታ