ለአዳራሹ ማቀዝቀዣ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ የባህልና የሳይንስ ጉባኤ ዋና ጸሐፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ፤ ሙቀት የማይስማማው ጤናዎ እንደምን ከረመ እላለሁ። እኔ ከምድር ቤታችሁ ይዤው ከወጣሁት ሳል በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ፊልም ከመበስበስ ሳድን የኖርሁ የኬሚስትሪ ባለሙያ ስሆን፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጉባኤዎን በነጻ ላማክር እጄን ያወጣሁ ሞኝ ነኝ። እጄን ያወጣሁት ግን ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። አባቴ ካሜራማን ነበር፤ የሰውን ሁሉ ደስታ ሲያነሳ ኖሮ እሱ ራሱ የታየው በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ብቻ ነው። ባልደረባው ካሜራውን ተቀብሎት፣ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ከእናቴ ጋር ይስቃል። ያ ጥቅል ጉባኤው ከሚያስቀምጣቸው ሌሎች አሮጌ ፊልሞች ጋር በእናንተ ምድር ቤት ነበር። እናቴም ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ፣ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ እንዳሳያት ለምናኝ ነበር።

እንግዲህ ውለታችሁ ብዙ ነውና እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. ምድር ቤቱ አቼቶ አቼቶ እንደሚሸት፣ ይህም የፊልም መበስበስ ምልክት እንደሆነና ክፍሉ ቶሎ ካልቀዘቀዘ በሽታው ከጥቅል ወደ ጥቅል እንደሚዛመት ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አላላችሁኝም። በክብር አዳመጣችሁኝ፣ አጨበጨባችሁልኝ፣ ባጅም አንገቴ ላይ አጠለቃችሁልኝ። ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ፤ እኔ ባጄን፣ ፊልሙም ሽታውን ይዘን ቀረን።

፪. ማቀዝቀዣው የመጣ ዕለት በደስታ አለቀስሁ። ሠራተኞቹ ግን ደረጃውን በመውረድ ፈንታ ወጥተው መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ ገጠሙት። ብጠይቅ፣ ስለ ፊልሞቹ የሚመክሩት ሊቃውንት በሙቀት ተዳክመው እንዳይሳሳቱ ነው ተባልሁ። እሺ፣ እንግዲያው ፊልሞቹን ወደ አዳራሹ እናውጣቸው ብል፣ ሽታቸው ተሰብሳቢ ይረብሻል ተባለ። እውነት ነው፣ ይረብሻል። ዕድሜ ለእናንተ፣ ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ሲረዝም እንጂ ሲያጥር አላየሁም።

፫. ባለፈው ሳምንት ጉባኤው ፊልሞቹ በአስቸኳይ እንዲቀዘቅዙ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ እንዳልተርት ክብርዎ ይዞኛል። እኔ ግን የአባቴ ፊልም የተቀመጠበትን ቆርቆሮ ቀደም ብዬ ከፍቼው ነበር። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ደርቋል፤ በጣቴ ብነካው ተፈረካከሰ። ያን ጊዜ ከባለሙያነቴ ምንም አልቀረኝም፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

አራተኛ ቁጥር ልጽፍ ነበር፤ ሰለቸኝ።

ቆርቆሮውን ቤት ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ ዘጋችው።

"ይሁን ልጄ፤ እንኳን እሱን፣ ያንቺንም ፊት መለየት ትቻለሁ" አለችኝ።

በአዳራሽዎ ቅዝቃዜ ልክ የሞቀ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ባጄን ከነገመዱ በአክብሮት የምመልስልዎ፣ የጉባኤዎ የቀድሞ በጎ ፈቃድ አማካሪ፣
የካሜራማኑ ልጅ

የረሳሁት፦ ማቀዝቀዣውን ከአዳራሹ እንዳያስነሱት አደራ። በሙያዬ እንደማውቀው፣ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ነገር ምንም ሳይለወጥ ዘመን ይሻገራል። ምክሬ ትክክል እንደነበር እናንተን ባየሁ ቁጥር አረጋግጣለሁ።